አሲድ፣ አመድና በረኪና፦ በወላይታ ስለ ዘወትር ንጥረ ነገሮች የቀረበ ዳሰሳ

በወላይታ ሶዶ እግራቸው ያበጠ ሕሙማን በሚታከሙባቸው ጣቢያዎች የሚታደል አንድ ነጭ ቅባት አለ። ለቅባቱ ኃይል ከሚሰጡት ሁለት አሲዶች አንዱ ቤንዞይክ አሲድ ሲሆን፣ ይኸው ንጥረ ነገር የጨው መልክ ይዞ፣ ሶዲየም ቤንዞኤት ተብሎ፣ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ በሚታዩት በብዙዎቹ የለስላሳ መጠጥና የካቻፕ ጠርሙሶች ጎን በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በአንዱ ስፍራ ስሙ መድኃኒት፣ በሌላው ስፍራ ስሙ የምግብ ጠባቂ ይሁን እንጂ፣ በሁለቱም ስፍራ የሚፈጽመው ግብር አንድ ነው፤ ሻጋታንና እርሾን ያግዳል። እኛ ግን ለኑሮ እንዲመቸን ስንል የቤታችንን ዕቃ በሦስት ከፍለን፣ ማድ ቤት የሚገባውን ምግብ፣ ከፋርማሲ የሚመጣውን መድኃኒት፣ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ የሚቀመጠውን ማጽጃ ብለን መጥራት ስለ ለመድን፣ ሦስቱ በባሕርያቸው የተለያዩ ይመስሉናል። ይህ አከፋፈል ለመደርደሪያ ይበጃል፤ ለዕውቀት ግን አይበጅም። አንድ ነገር መድኃኒት ወይም መርዝ፣ ምግብ ወይም ማጽጃ የሚሆነው በስሙ ሳይሆን በመጠኑ፣ በቆይታውና በተገናኘው ነገር መሆኑን ለማየት የወላይታን ምድርና የወላይታን ቤት መመርመር ይበቃል።

የቀደሙት ሊቃውንት ፍጥረትን ሲመረምሩ በሚቀመጥበት ቤት አልከፈሉትም። በሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደሚነገረው፣ እሳትን በውዕየትና በይብሰት፣ ነፋስን በውዕየትና በርጥበት፣ ውኃን በቁረትና በርጥበት፣ መሬትን በቁረትና በይብሰት ለይተው፣ የሰውም ሥጋ ከእነዚህ ከአራቱ ባሕርያት የተዋቀረ ነው ብለው አስተማሩ። በአራቱ ፈንታ ዛሬ ከመቶ የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች በሠንጠረዥ ተደርድረዋልና የትምህርቱ ዝርዝር አልፎበታል፤ ነገርን በስሙ ሳይሆን በባሕርዩ የመለየቱ ልማድ ግን ለዛሬው ኬሚስትሪም ቢሆን የተገባ በር ነው።

በመጀመሪያ እግሩን እንመልከት። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋን ያለበሰው ቀይ አፈር በጥንት ዘመን ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት ተፈርፍሮ የተገኘ ነው። ይህ አፈር ለእንሰቱና ለበቆሎው ቸር ቢሆንም፣ በውስጡ ያሉት እጅግ ረቂቅ የሲሊኬት ማዕድን ቅንጣቶች፣ ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ በሚያርስ ገበሬ ቆዳ ሰርገው ሲገቡ፣ የሰውነትን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች እያቆሰሉና እያጠበቡ እግርን ያሳብጣሉ፤ ቆዳውም ይደድራል፣ ይሰነጠቃል፣ ጠረኑ ይለወጣል፣ በላዩም እንደ ኪንታሮት ያሉ እብጠቶች ይወጡበታል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ግን በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ለመለየት ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ በዚህኛው ትል የለበትም፣ ትንኝ የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሲሠሩ ሳሉ በሽታውን ከአፈሩ ጋር አያይዘው ከመረመሩት ሰዎች ዋነኛው ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በወላይታ በተደረገ ቆጠራ ከመቶው ሰው ከአምስት የሚበልጠው ይህ ሕመም እንዳለበት ታወቀ። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሁሉ ለምን እንደማይታመም ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ከወላይታ ሰዎች የተወሰደ ናሙና መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜድሲን ባሳተሙት ጥናት፣ የሰውነትን ተከላካይ ኃይል ከሚመሩት ዘረ መሎች ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳዩ። ስለዚህ አንዱ ወንድም ታሞ ሌላው ጤነኛ ሲሆን የእርግማን ምልክት አድርጎ ይታይ የነበረው ነገር፣ የአፈርና የዘር መገናኘት መሆኑ ተገለጠ።

ሕክምናው የሚያስደንቀው ከየሱቁ በሚገኝ ነገር መፈጸሙ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ናታን ባርሎው በሶዶ የመሠረቱት የእግር ሕሙማን መርጃ ሥራ ለታካሚው የሚሰጠው ሳሙና፣ በብዙ ውኃ የተበረዘ በረኪና፣ ያ ነጭ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ነው። ሳሙናው ከቆዳው ስንጥቅ ውስጥ ስብንና ስቡ የያዘውን አፈር ያወጣል። እግሩ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት የሚዘፈዘፍበት በረኪና፣ በሳፋው ውኃ ውስጥ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ሆኖ፣ በቁስሉ የበዙትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ጠረኑም የሚጠፋው በዚህ ነው። ቅባቱን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያዘጋጀው እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም አርተር ዊትፊልድ ነበር፤ ስድስት በመቶ ቤንዞይክ አሲድና ሦስት በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ በቅባት ውስጥ የተዋሐዱበት ነው። ቤንዞይኩ ፈንገስን ሲያግድ፣ ሳሊሲሊኩ የደደረውን የላይ ቆዳ እያላላ ያራግፋል። ይህ ሳሊሲሊክ አሲድ ከአኻያ ቅርፊት ከሚገኘው የጥንት የትኩሳት መድኃኒት ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አገር በባየር ኩባንያ ፊሊክስ ሆፍማን የተባለ ኬሚስት አሴቲል የተባለውን ክፍል ቢያክልበት አስፕሪን ሆነ፤ እግር ላይ ቆዳ የሚያራግፈውና በሆድ ገብቶ ራስ ምታትን የሚያበርደው ወንድማማች ናቸው ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብርቅና ውድ የሆነ ነገር አንድም የለም፤ ብርቅ የሆነው በየቀኑ፣ በተወሰነ መጠን፣ በተወሰነ ጊዜ የመፈጸሙ ትዕግሥት ነው። በእኔ አስተያየት ወላይታ ለኬሚስትሪ ትምህርት ያበረከተችው ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ይህ ነው፤ የትምህርት ቤቶቻችን መጻሕፍት ግን ከሩቅ አገር ፋብሪካ ምሳሌ ሲጠቅሱ ይህን አያነሡም።

የቤንዞይክ አሲድን ጉዳይ ጥቂት ጠለቅ ብለን ብናየው፣ ወደ እንሰቱ ጓሮ የሚያደርስ መንገድ እናገኛለን። ደካማ የሚባሉት አሲዶች ሁሉ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራሉ፤ አንደኛው ሃይድሮጅኑን እንደ ያዘ ሙሉ ሆኖ፣ ሁለተኛው ሃይድሮጅኑን ለውኃው ሰጥቶ የኤሌክትሪክ ሙል ተሸክሞ። ሙል የተሸከመው የረቂቅ ተሕዋስያንን የስብ ሽፋን ማለፍ አይችልም፤ ሙሉው ግን ሰተት ብሎ ይገባል፣ ከገባም በኋላ በዚያ ሃይድሮጅኑን ይጥላል፤ ተሕዋሲቱም ውስጧ እየኮመጠጠ ሥራዋ ሁሉ ይቆማል። ሙሉው መልክ የሚበዛው ዙሪያው ኮምጣጣ ሲሆን ብቻ ስለ ሆነ፣ ሶዲየም ቤንዞኤት የኮመጠጠ መጠጥን ሲጠብቅ ወተትን ሊጠብቅ አይችልም፤ የኮምጣጤነት መለኪያው ፒኤች ከ4.5 በላይ ከወጣ ኃይሉ ይጠፋል። መጠጥ ጠማቂው ፋብሪካ ይህን ሕግ በመሣሪያ ለክቶ ይጠቀምበታል፤ የወላይታ እናቶች ደግሞ በሸክላ አፈር ጉድጓድ ውስጥ ያለ መሣሪያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

እንሰት፣ በወላይትኛ ኡታ የሚባለው፣ ሲፋቅ ግንዱ በቀርከሃ ወይም በእንጨት መፋቂያ ይላጋል፣ ሥሩም ይደቅቃል፤ የተጨመቀው ፈሳሽ ዘቅጦ የሚቀረው ነጭ ስታርች ቡላ ሲሆን፣ የቀረው ልግ በኮባ ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ይቀበራል። ድንጋዩ የሚጫነው አየር እንዳይገባ ነው። ብርሃኑ ጋሼ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ቆጮ መብላላት ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፣ በመጀመሪያ ሉኮኖስቶክ የተባለው የባክቴሪያ ወገን ሥራውን ይጀምራል፤ ኮምጣጤው ሲበረታበትም ስፍራውን አሲድ ለሚችለው ለላክቶባሲለስ ወገን ይለቃል። ስኳሩ ወደ ላክቲክ አሲድ እየተለወጠ ፒኤቹ ከ6 በላይ ከነበረበት ወደ 4 አቅራቢያ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ቆጮው ለወራት፣ በደጋው ቅዝቃዜ ደግሞ ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ፣ ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ምክንያቱም ላክቲክ አሲድም እንደ ቤንዞይክ ሁሉ ሙሉ መልኩ በበዛበት ፒኤች ላይ ደርሷልና። ኮምጣጤው ሳይበረታ ከቀረ ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች በዝተው ቡቲሪክ አሲድ ያወጣሉ፤ የተበላሸ ቆጮ ጠረንና የሻገተ ቅቤ ጠረን የሚመሳሰሉት በዚህ አንድ አሲድ ምክንያት ነው። ስለ ቅቤም ከተነሣ፣ የወላይታ ቅቤ ዝናው በአዲስ አበባ ገበያ ሳይቀር የታወቀ ሲሆን፣ ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ተነጥሮ ውኃውና ፕሮቲኑ ሲወጣለት፣ ስቡን ወደ ቡቲሪክ አሲድ የሚቆርጠው ኢንዛይም የሚሠራበት ርጥበት ስለሚያጣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለ መዓዛው የሚባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ስለ ቆይታው ግን ከቅመሙ ይልቅ የውኃው መውጣት ያመዝናል።

ይኸው ሕግ በማጽጃው ቤትም መልኩን ቀይሮ ይታያል። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለው ጨው በውኃ የተፈታበት ነው፤ በጠርሙሱ ውስጥ እንዳይበላሽ ብርቱ አልካሊ ሆኖ ይዘጋጃል፣ በዚያም ክሎሪኑ ሙል የተሸከመ መልክ ስላለው በጀርም ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው። በውኃ ሲበረዝ ግን አልካሊነቱ ስለሚቀንስ ከፊሉ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሆናል፤ ይህም ሙል የሌለው ስለ ሆነ የባክቴሪያዋን ሽፋን አልፎ ውስጧን ያቃጥላል። ሰው ሁሉ በረኪና በወፈረ ቁጥር ያጸዳል ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ የወፈረው ጨርቅን ይበላል፣ ቆዳን ያቆስላል እንጂ የተበረዘው የሚሠራውን ሥራ በዚያው ልክ አያበዛም። በሆስፒታል አንድ እጅ አምስት በመቶ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ተበርዞ ግማሽ በመቶ ይሆንና፣ ደም የነካው መሣሪያ ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፍበታል። ይህ የዛሬ ግኝት አይደለም፤ በቪየና ከተማ ኢግናዝ ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 አዋላጆቹን ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ኖራ እንዲታጠቡ ባስገደደ ጊዜ የወላዶች ሞት በእጅጉ ቀንሶ ነበር፤ ዘመኑ ግን አላመነውም።

በመጠጥ ውኃ ላይ መጠኑ ከዚህም እጅግ ያንሳል። በገጠሩ የታወቀው ውኃ አጋር የተባለው መድኃኒት ያው ሃይፖክሎራይት ሲሆን፣ ከተጨመረ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው፤ በውኃው ውስጥ የሚቀረው ነጻ ክሎሪን በሊትር ግማሽ ሚሊግራም ያህል ቢሆን ይበቃል። ክረምት በገባ ጊዜ ግን ምንጩ ይደፈርሳል፤ ክሎሪንም ከጀርሙ አስቀድሞ ከጭቃውና ከብስባሹ ጋር ተዋግቶ ያልቃልና ውኃው አስቀድሞ መጥለል አለበት። ቢሻን ጋሪ የተባለው ከረጢት ክሎሪኑን ከማጥለያ ንጥረ ነገር ጋር አንድ ላይ አድርጎ የያዘው ለዚህ ነው። በከተሞች የውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ለዚሁ ሥራ የሚውለው አሉሚኒየም ሰልፌት በአዋሽ መልካሳ ፋብሪካ ይመረታል። የወላይታ ቆላ ደግሞ ለዚህ የሚሆን የራሱ ዛፍ አለው። በሁምቦና በአባያ ዳርቻ ጓሮ ሁሉ የሚበቅለው ሽፈራው ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፣ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ፈውስ ነው ተብሎም ይጠጣል፤ ፍሬው ደግሞ ተፈጭቶ በደፈረሰ ውኃ ላይ ሲጨመር አዎንታዊ ሙል ያለው ፕሮቲኑ አሉታዊ ሙል ያላቸውን የሸክላ ቅንጣቶች እየሰበሰበ ያዘቅጣቸዋል። በሱዳን በናይል ዳር ያሉ ሴቶች የዚህን ዘር ወገን ለውኃ ማጥለያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ምግብ፣ መድኃኒትና ማጽጃ በአንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው ሳሉ፣ የምግብነቱና የማጽጃነቱ ነገር የታመነ ሲሆን የመድኃኒትነቱ ነገር ግን ከወሬ ወጥቶ በመጠን እስኪመረመር መታገሥ ይገባል። የሐኪም ክኒን ትቶ በሽፈራው ሻይ ብቻ የሚታመን ሰው መጠኑ ያልታወቀ ነገር እየጠጣ ነው።

ከበረኪናው ጋር የሚሄድ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በአቼቶ ወይም የመጸዳጃ ቤት ዝገት በሚያነሣ አሲድ ላይ ከፈሰሰ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1915 በቤልጅግ በኢፐር ግንባር ወታደሮችን የፈጀው ጋዝ ነው። ሽንት በተከማቸበት ስፍራ ከፈሰሰ ደግሞ ከአሞኒያው ጋር ተዋሕዶ ክሎራሚን ይሆናል። ጠባብና መስኮት የሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ በረኪናን ከእነዚህ ጋር ማደባለቅ «ይበልጥ ይጸዳል» በሚል ቅን ሐሳብ ቢሆንም ሳንባን የሚያቃጥል ስሕተት ነው።

ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የአበሻ ሸማ በእንዶድ ይታጠብ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የተባለ አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር አለው፤ በአንድ ጫፉ ውኃን፣ በሌላ ጫፉ ስብን ስለሚወድ ያጸዳል። ይኸው ባሕርይ የቀንድ አውጣን የመተንፈሻ ሽፋን ስለሚበጥስ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ፣ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የማጥፊያ መንገድ አገኙ፤ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ ንጥረ ነገሩም በዶክተር አክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን ተባለ። ማጽጃ የነበረው በመጠን ተለክቶ የሕዝብ ጤና መሣሪያ ለመሆን ተቃረበ። አመድም እንደዚሁ የማይናቅ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ የሚለቀው ፖታሲየም ካርቦኔት አልካሊ ስለ ሆነ ድስት ላይ ያለውን ስብ ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ሳሙና በጠፋበት ቤት እጅን በአመድ መታጠብ በውኃ ብቻ ከመታጠብ ይሻላል፤ መጸዳጃ ጉድጓድ ላይ የሚነሰነሰውም በዚሁ ባሕርዩ ሽታንና ትልን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ካሳቫ እንምጣ፤ ካሳቫ ላይ መጠንና ጊዜ ካልተጠበቁ ምግቡ ራሱ ይገድላልና። ካሳቫ በኦፋ፣ በኪንዶ ኮይሻና በሁምቦ ዝናብ ሲጠፋ የሚታመንበት ሥር ሆኗል፤ ዱቄቱም ከጤፍና ከበቆሎ ጋር እየተደባለቀ እንጀራና ቂጣ ይሆናል። በሥሩ ውስጥ ሊናማሪን የተባለ ሳያናይድ አዘል ስኳር አለ፤ ሥሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ስኳሩና እርሱን የሚፈታው ኢንዛይም በየክፍላቸው ተለያይተው ስለሚኖሩ ጉዳት የለም። ሥሩ ሲፋቅ፣ ሲከተፍ ወይም ሲታኘክ ግን ይገናኙና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለው መርዝ ይወጣል። መልካሙ ነገር ይህ መርዝ በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ እጅግ በናኝ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የማዳኛው ጥበብ ኢንዛይሙንና ስኳሩን አስቀድሞ ማገናኘት፣ ከዚያም መርዙ እስኪበን ጊዜ መስጠት ነው። ትላልቅ ቁራጮችን በፍጥነት በፀሐይ ማድረቅ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ርጥበቱ ያልቅና ሊናማሪኑ በደረቀው ዱቄት ውስጥ እንዳለ ይቀራል። የአውስትራሊያው ኬሚስት ሃዋርድ ብራድበሪ ያስተማሩት መላ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ዱቄቱን በውኃ ረጠብ አድርጎ በሰፌድ ላይ ስስ አድርጎ ማስጣት፣ በፀሐይ ለሁለት ሰዓት ወይም በጥላ ለአምስት ሰዓት ማቆየት፣ በዚያው ቀን መጋገር። መርዙን በሚገባ ያላስወጡ የሞዛምቢክና የኮንጎ መንደሮች በረኀብ ዘመን ኮንዞ በተባለ፣ እግርን በድንገት ሽባ በሚያደርግ በሽታ ተመትተዋል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በአንድ ኪሎ ዱቄት ከ10 ሚሊግራም ሳያናይድ በላይ አይፈቅድም።

ሳያናይዱ በጥቂቱ ሲገባ አይገድልም፤ ሰውነት በሰልፈር ለውጦ ታዮሳይኔት ያደርገዋል። ታዮሳይኔት ግን አዮዲን ወደ እንቅርት እጢ የሚገባበትን በር ይሻማል። ካሳቫ በሚበዛበትና አዮዲን በሚያንስበት ስፍራ ሁለቱ ተደጋግፈው እንቅርትን ያበዛሉ፤ ስለዚህ የካሳቫ ጥያቄ የጨው ጥያቄም ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ ለሰው የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዟል፤ ይሁን እንጂ ጨው ክዳን በሌለው ዕቃ በእርጥበትና በፀሐይ ላይ ከቆየ አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳልና፣ በገበያ ላይ ተቆልሎ የሚሸጠው ጨው በወረቀቱ ያለው መጠን በውስጡ አለ ብሎ መተማመን አይቻልም።

በወላይታ አዲስ ዓመት፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር በተቆጠበ ገንዘብ የተገዛው ሰንጋ ይታረዳል፤ ጥሬው ሥጋም ከዳታ ጋር ይቀርባል። ዳታ ከአረንጓዴ ቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሌሎች ቅመሞች ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር የሙቀትን ስሜት የሚያስተላልፈውን የነርቭ በር ስለሚከፍት አፍ በእሳት የተነካ ያህል ይቃጠላል፤ ያንን በር ያገኘው ዴቪድ ጁልየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል፤ ዳታ ያቃጠለው ሰው ውኃ ከመጠጣት ቅቤ ወይም ወተት ቢቀምስ ይሻለዋል። በሌላ አገር ይኸው ንጥረ ነገር ተመጥኖ በቅባትና በልጥፍ መልክ የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ሆኗል። ነጭ ሽንኩርቱም ሲደቅቅ አሊሲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ ያወጣል፤ አሊሲን ግን ቶሎ የሚፈርስ ነው፤ ኃይሉ የሚታየውም በገጽ ላይ ብቻ ነው። ዳታ ከበላሁ ትል አይዘኝም የሚለውን ብዙ ሰው ያምንበታል፤ እኔ ግን አላምንበትም። የኮሶ ትል እጭ በከረጢቷ ሆና በሥጋው ጡንቻ ውስጥ ተጠልላ ስለምትኖር፣ ቃሪያውም ሆነ ሽንኩርቱ አይደርስባትም፤ የሚገድላት እስከ ልቡ ዘልቆ የገባ እሳት ወይም ለብዙ ቀናት የቆየ ብርቱ በረዶ ነው።

ስለዚህ ጥሬ ሥጋ ባለበት ኮሶ አለ። የኮሶ ዛፍ የሴቴ አበባ ኮሶቶክሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይዟል፤ የትሉን ጡንቻ ያሽመደምዳሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለአውሮፓ ስላስተዋወቀው የዕፀዋት ሊቃውንት ዛፉን በእርሱ ስም ጠርተውት ነበር፤ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ለረጅም ዘመን ሸጠውታል። ድክመቱ መጠኑ ነው፤ የአንድ ጭብጥ አበባ ኃይል እንደ ዛፉ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ቆይታው ስለሚለያይ፣ አንዱን ያላሻረ መጠን ሌላውን ያስተኛል፣ አልፎም ዓይን ያደክማል። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት ክኒኖች ኮሶን ያሸነፉት ብርቱዎች ስለ ሆኑ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ክኒን እኩል ስለ ሆነ ነው። የወባው ታሪክም ይህንኑ ይመስላል፤ በብላቴ ወንዝና በአባያ ሸለቆ ለሚኖረው ሕዝብ የሚታደለው ኮአርተም መሠረቱ ከቻይና ዕፅ የተገኘ አርቴሚሲኒን ሲሆን፣ ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል የተሸለመችበት ጥበብ ዕፁን በፍል ውኃ ፈንታ በአነስተኛ ሙቀት በሚፈላ ኤተር በማውጣት ላይ የተመሠረተ ነበር።

ከሁሉ ርካሹ መድኃኒት ግን ጨውና ስኳር ነው። ለተቅማጥ የሚሰጠው፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተባለው ከረጢት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሻሻለው ቀመር 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይዟል፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው የሚገቡበት አንድ በር ስላለ፣ ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውኃ ይከተላቸዋል፤ በኮሌራ ጊዜም ያ በር አይዘጋም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከረጢቱ በአንድ ሊትር ውኃ ሲበጠበጥ ብቻ ነው። በየቤቱ የሚገኘው መለኪያ ባዶው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ባለ ሁለት ሊትሩ ላይ አንድ ከረጢት የበጠበጠች እናት ለልጇ ግማሽ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ባለ ግማሽ ሊትሩ ላይ የበጠበጠች ደግሞ የልጁን ደም በጨው ታበዛለች። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ከረጢቱን ሲሰጥ የጠርሙሱን ልክ በዓይን ማሳየቱ ከማብራሪያው ሁሉ ይበልጣል። ያው ጠርሙስ በገበያ ላይ በረኪና እየተሞላበት ያለ ምልክት ይሸጣል፤ ልጅም ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቤተሰቡ ልጁን ለማስመለስ ይሮጣል፤ በረኪና ግን አልካሊ ስለ ሆነ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥለዋል፤ ማስመለስ አይገባም፤ አፉን በውኃ አጥቦ፣ ጥቂት ውኃ ወይም ወተት አስጎንጭቶ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።